አንድ ቀለም፣ ብዙ ቤት

(ለጠቅላላ ታዳሚ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሳመጣው ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ዳፍንት የሚለውን ቃል የሚያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ።

አያችሁ፣ ጸጉራችን የሸበተው ብቻ ነን ያወጣነው። ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ቀን ላይ ደህና የሚያይ ሰው ሲመሽ ማየት ሲያቅተው ዳፍንት ያዘው ይባላል። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ቀን አብሮን ኳስ ይጫወታል። ከብት ወደ በረት ሲገባ ግን እህቱ እጁን ይዛ ነበር ወደ ቤት የምታስገባው። አያቴ "ጉበት አብሉት" ትል ነበር። ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ ግን ልክ ነበረች። ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን የሚያይበት ቀለም ደግሞ ከዚሁ ቫይታሚን ይሠራል። ቀለሙ ሬቲናል ይባላል።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ ዓይን አይደለም። ዓይን ስለሌላቸው ፍጥረታት ነው። ጠቅላላ አካላቸው አንዲት ሕዋስ ስለሆነ፣ በጨው ውስጥ፣ በባሕር ውስጥ፣ በኩሬ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ያው አያቴ በጉበት በኩል ያከመችበት ሞለኪውል እነሱ ጋም አለ። የሚሠሩበት ሥራ ግን ሌላ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጨው ነው።

አፋር ውስጥ የአሳሌን ሐይቅ ያየ ሰው ካለ ያውቀዋል። ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር አልፎ የወረደ ምድር፣ ነጭ የጨው ሜዳ፣ አሞሌ የሚቆረጥበት ቦታ። እንዲህ ባለ ጨው ውስጥ ምን ይኖራል? ይኖራል! የተለመደው የባሕር ውሃ ጨው 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ጨው ወዳዶቹ ግን ከ20 በመቶ በላይ ካልሆነ አይመቻቸውም። በአሳሌ ሐይቅም እነዚህ ፍጥረታት በብዛት እንዳሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እዚያው አጠገብ ያሉት የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። በ2019 የታተመ ጥናት በጣም አሲዳማ በሆኑትና ማግኒዚየም በበዛባቸው ኩሬዎች ሕይወት አላገኘም። ስለዚህ ቱሪስት የሚያነሳው ያ ያማረ ቀለም ከማዕድን የመጣ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር የሠራው አይደለም። ፎቶውን እየለጠፋችሁ "ባክቴሪያው ነው" የምትሉ ካላችሁ ተዉት።

ሕያው የሆነውን ቀለም ለማየት ጨው የሚመረትባቸውን ሰው ሠራሽ ኩሬዎች ማየት ይሻላል። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ በመስኮት ይታያሉ። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርቱካናማ። በጨው የተጠበቀ ቆዳ አንዳንዴ ቀይ ነጠብጣብ ሲያወጣም የእነሱ ሥራ ነው። ያ ቀይ ቀለም ባክቴሪዮሩበሪን ይባላል፤ እንደ ፀሐይ መከላከያ ቅባት አድርጋችሁ ቁጠሩት። የኛ ጉዳይ ግን ከቀዩ ሥር የተደበቀው ሐምራዊ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቫልተር ሽቶኬኒየስ የሚባል ሳይንቲስት ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሎባክቴሪየም የተባለችውን ጨው ወዳድ ያጠና ነበር። የሚፈልገው የሕዋሷን ሽፋን ነው። ሽፋኑን ለማውጣት ትልቅ መሣሪያ አላስፈለገውም። ጨዉን ማሳሳት ብቻ ነው። ሕዋሷ ጨው ሲጎድልባት ትፈርሳለች። አብዛኛው ሽፋን ይበታተናል። አንድ ክፍል ግን አልበታተን ይላል። ጠፍጣፋ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙም ሐምራዊ ነው።

ከሙኒክ ለአንድ ዓመት ያህል የመጣ ዲተር ኦስተርሄልት የሚባል ወጣት ኬሚስት ይህን ሐምራዊ ነገር ያዘው። ኬሚስት ስለሆነ ኬሚስት የሚያደርገውን አደረገ፤ ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ጨመረበት። ሐምራዊው ወዲያው ቢጫ ሆነ። ለምን? እዚያው ቤተ ሙከራ የነበረ አለን ብሎሮክ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ቀደም ሲል የእንቁራሪት ዓይን ያጠና ነበር። ያን የቀለም ለውጥ ዓይን ላይ አይቶታል። "ሬቲናል ይሆን እንዴ?" የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ መጣ።

አሁን ስንሰማው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ሬቲናል የሚታወቀው በእንስሳት ዓይን ብቻ ነበር። ጨው ውስጥ ያለች አንዲት ሕዋስ የዓይን ቀለም ምን ያደርግላታል? ሰው ቢስቅባቸው አይገርምም። ኦስተርሄልት ግን ኬሚስትሪውን ሠርቶ አረጋገጠ። በ1971 ጽሑፉ ወጣ። ሬቲናሉን የያዘውን የሽፋኑን ፕሮቲን ባክቴሪዮሮዶፕሲን አሉት። በነገራችን ላይ ስሙ ዛሬ ስህተት ነው። ሃሎባክቴሪየም ባክቴሪያ አይደለችም፤ አርኬያ የሚባለው የሌላው ወገን ናት። ያንን ወገን ካርል ዎዝ ለይቶ ያወጣው ግን በ1977 ነው። ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ ማን ያነሳዋል?

እሺ፣ አሁን ወደ ሞለኪውሉ እንግባ። አትፍሩ፤ ፎርሙላ አልጽፍም።

ሬቲናል 20 ካርቦን አለው። ጫፉ ላይ ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱ ረጅም ጅራት ይወጣል። ከየት ይመጣል? ካሮት ውስጥ ካለው ቤታ ካሮቲን። ቤታ ካሮቲን 40 ካርቦን ነው። መሐል ላይ ሲቆረጥ ሁለት ሬቲናል ይወጣዋል። እኛ ቤታ ካሮቲኑን ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከማንጎ እናገኛለን። ሃሎባክቴሪየም ራሷ ሠርታ ራሷ ትቆርጠዋለች። ገበያ አትወጣም።

ጅራቱ ላይ ካርቦኖቹ የተያያዙት በተራ ነው። አንድ ድርብ ትስስር፣ አንድ ነጠላ፣ እንደገና ድርብ፣ እንደገና ነጠላ። ይህ ተራ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው ቀለም ነው። ሁለተኛው መታጠፍ ነው።

መጀመሪያ መታጠፉን ልንገራችሁ። ሁለት ጣውላ በአንድ ሚስማር ብታያይዙ ጣውላው በሚስማሩ ዙሪያ ይዞራል። በሁለት ሚስማር ብትመቱት ግን አይዞርም። ነጠላ ትስስር አንድ ሚስማር ነው። ድርብ ትስስር ሁለት ሚስማር ነው። ብርሃን ምን ያደርጋል? ከሁለቱ አንዱን ሚስማር ለቅጽበት ያላላዋል። በዚያች ቅጽበት ጣውላው ዞር ይላል። ብርሃኑ ሲያልፍ ሚስማሩ ተመልሶ ይጠብቃል። ጣውላው ግን አዲሱ ቦታ ላይ ቀርቷል።

እስቲ ቀኝ እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። አዎ፣ ከኋላ ያላችሁትም። አሁን ክርናችሁ ላይ እጠፉት። በቃ፣ የብርሃን ኬሚስትሪ ሠራችሁ ማለት ነው። ሐምራዊው ፕሮቲን ውስጥ የተዘረጋው ሬቲናል ብርሃን ሲነካው 13ኛው ካርቦን ላይ ይታጠፋል። የሚፈጅበት ጊዜ 500 ፌምቶሰከንድ ገደማ ነው። ፌምቶሰከንድ ስንት ናት? አንድ ፌምቶሰከንድ ለአንድ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደማለት ነው። እናንተ ክርናችሁን እስክታጥፉ ሬቲናል ስንት ጊዜ ታጥፎ ይዘረጋ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ የንግግሬ ዋና ነገር እዚህ ነውና። ሬቲናል አልኮል ውስጥ ብቻውን ተንሳፍፎ ብርሃን ቢያገኝ እንዲህ በሥርዓት አይታጠፍም። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይታጠፋል። ብዙ ጊዜም ብርሃኑን ውጦ ምንም ሳያደርግ ይቀራል። ፕሮቲኑ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ቦታ ብቻ፣ በፍጥነት፣ ከ10 ብርሃን ቅንጣት በ6ቱ ገደማ ይታጠፋል። ሞለኪውሉ አልተለወጠም። ሥርዓት ያስያዘው የገባበት ቤት ነው። ግድግዳው ጠባብ ነው። ወደዚህ ብቻ እንድትታጠፍ እንጂ ወደዚያ ቦታ የለህም ይለዋል።

ቤቱ እንዴት ያለ ነው? 248 አሚኖ አሲዶች፣ የፕሮቲን ጡቦች በሏቸው፣ የተሰካኩበት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሽፋኑን 7 ጊዜ ከወዲህ ወዲያ ይወጋዋል። ሰባት ምሰሶ ያላት ጎጆ በሉት። መሐሏ ላይ ሬቲናል ተጋድሟል። የታሰረበት ገመድም አለ፤ 216ኛው አሚኖ አሲድ ላይሲን ነው። የሬቲናል ጫፍና የላይሲኑ ናይትሮጅን ሲገናኙ አንድ ውሃ ወጥቶ ይጋጠማሉ። ናይትሮጅኑ ላይ አንዲት ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኗን ያጣች ሃይድሮጅን፣ ትቀመጣለች። ይህችን ፕሮቶን አትርሷት። የምሽቱ ዋና ተዋናይ እሷ ናት።

ሰባቱን ምሰሶዎች ያሳዩን ሪቻርድ ሄንደርሰንና ናይጀል አንዊን ናቸው፤ በ1975፣ ካምብሪጅ ውስጥ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው ያዩት። ሽፋኑ እንዳይደርቅባቸው ምን ውስጥ እንዳስቀመጡት ታውቃላችሁ? ግሉኮስ። ስኳር ነው እንግዲህ። በጨው ያደገችውን በስኳር ፎቶ አነሷት። ሄንደርሰን በዚሁ መንገድ ቀጥሎ በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሐምራዊ የሆነው ለምንድን ነው?

ነገሩ ኤሌክትሮኖቹ በጅራቱ ላይ ምን ያህል በነፃነት ይመላለሳሉ የሚለው ነው። የብርሃን ቀለም በሞገዱ ርዝመት፣ በናኖሜትር ይለካል። ብቻውን ያለ ሬቲናል 380 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ እኛ ቢጫ ሆኖ እናየዋለን። ከላይሲን ጋር ተጋጥሞ ናይትሮጅኑ ፕሮቶን ሲይዝ ወደ 440 ይሄዳል። ምክንያቱም ፕሮቶኗ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላት ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሷ ትስባቸዋለች፤ ተራው ይላላል። የፕሮቲኑ ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ 568 ይደርሳል። አረንጓዴና ቢጫውን ይውጣል፤ ቀይና ሰማያዊውን ይተወዋል። ቀይና ሰማያዊ ሲደመር ሐምራዊ።

ኦስተርሄልት ፈሳሹን ሲጨምር ቢጫ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ቤቱ ፈረሰ። ሬቲናሉ ወደ ብቸኝነት ቀለሙ ተመለሰ።

ቤቱ ሳይፈርስም ቀለሙን መቀየር ይቻላል። አሲድ ጨምሩበት፤ ሐምራዊው ሽፋን ሰማያዊ ይሆናል። 85ኛው አሚኖ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድ ይባላል፣ በተለመደው ጊዜ አሉታዊ ሙሌት ይዞ ከሬቲናሉ ናይትሮጅን ትይዩ ተቀምጧል። አሲድ ሲበዛ ሙሌቱን ያጣል። ያ አንድ ጎረቤት ስሜቱን ስለለወጠ ብቻ ቀለሙ ከ568 ወደ 605 ናኖሜትር ይሸሻል። የኛም ዓይን በዚሁ ዘዴ ነው ቀለም የሚለየው። ሰማያዊ የሚያየው ሕዋስ 420፣ አረንጓዴው 530፣ ቀዩ 560 አካባቢ። በሦስቱም ውስጥ ያለው ሬቲናል አንድ ዓይነት ነው። የተለያዩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

እና ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል? በ1973 ኦስተርሄልትና ሽቶኬኒየስ መልሱን ጻፉት። ፓምፕ ነው።

የቤታችሁን ሮቶ አስቡ። ውሃ በሞተር ወደ ላይ ይገፋል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሲወርድ መንገዱ ላይ ተርባይን ብታስቀምጡ ያሽከረክርላችኋል። ሃሎባክቴሪየም ሮቶዋን የምትሞላው በፕሮቶን ነው። ብርሃን ፕሮቶኖችን ከሕዋሷ ወደ ውጭ ይገፋል። ውጭ ሲበዙ ተመልሰው መግባት ይፈልጋሉ። የሚገቡበት በር ላይ ተርባይን አለ፤ እሱ ሲሽከረከር ኤቲፒ ይሠራል። ኤቲፒ ሕዋስ የምትመነዝረው የኃይል ገንዘብ ነው።

ፓምፑ አንድን ፕሮቶን እንዴት ይገፋል? ያቺን አትርሷት ያልኳችሁን አስታውሱ። ሬቲናሉ ሲታጠፍ የናይትሮጅኑ አቀማመጥ ይዛባል። ፕሮቶኗን ይዞ መቆየት ያቅተዋል። ወደ ውጭ በኩል ላለው ለ85ኛው አስፓርቲክ አሲድ ያቀብላታል። በዚህ ጊዜ ሌላ ፕሮቶን በውጭ በኩል ትለቀቃለች። ናይትሮጅኑ አሁን ባዶ ነው፤ ቀለሙም ለጥቂት ሚሊሰከንድ ቢጫ ይሆናል፣ 412 ናኖሜትር። ከዚያ ከውስጥ በኩል ያለው 96ኛው አስፓርቲክ አሲድ የራሱን ፕሮቶን ይሰጠዋል፤ እሱም ከሕዋሷ ውስጥ ሌላ ይተካል። ሬቲናሉ ተመልሶ ይዘረጋል። ሐምራዊ ይሆናል። ጠቅላላው ዙር 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ አንድ ፕሮቶን።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ቅብብሎሹ ወደ ኋላ የማይመለሰው ለምንድን ነው? ናይትሮጅኑ ፕሮቶኗን ሲሰጥ ፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ሲቀበል ወደ ውስጥ። ሁለቱም በር አንድ ላይ አይከፈትም። ባንክ ቤት መግቢያ ላይ እንዳሉት ሁለት በሮች፣ የመጀመሪያው ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። በሮቹን የሚያንቀሳቅሰው የዚያች የ13ኛዋ ካርቦን መታጠፍና መዘርጋት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ በቀለሙ ነው የተከታተሉት። ቀለሙ ሐምራዊ ከሆነ ፕሮቶኗ ቤት ናት። ቢጫ ከሆነ ወጥታለች። ብዙ ፕሮቲኖች ሥራቸውን ሲሠሩ ምንም አይነግሯችሁም፤ ይሄኛው እያንዳንዱን እርምጃ በቀለም ያሳውቃል። ለዚህ ይመስለኛል ኬሚስቶች ለ50 ዓመት ያልተለዩት።

ያን ጊዜ ግን የፕሮቶን ሮቶ የሚለውን ሐሳብ ሁሉም አልተቀበለውም ነበር። ሐሳቡን በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነው፤ ለዓመታት ሲከራከሩት ነበር። በ1974 ኤፍሬም ራከርና ሽቶኬኒየስ አንድ ሙከራ ሠሩ። ከአኩሪ አተር ቅባት ትንንሽ ከረጢት አበጁ። ከጨው ነዋሪዋ ሐምራዊውን ፓምፕ፣ ከበሬ ልብ ደግሞ ኤቲፒ የሚሠራውን ተርባይን ወስደው ከረጢቱ ላይ ሰኩ። መብራት አበሩበት። ኤቲፒ ተሠራ! አኩሪ አተር፣ የጨው ፍጥረትና የበሬ ልብ ከዚያ በፊት ተገናኝተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ነገር ከፕሮቶን በስተቀር ሌላ ሊኖር አይችልም። ሚቸል በ1978 ኖቤሉን ወሰደ።

ሃሎባክቴሪየም በዚህ አላቆመችም። ያንኑ ሬቲናል በሌላ ቤት አስገብታ በፕሮቶን ፈንታ ክሎራይድ ወደ ውስጥ ታስገባበታለች። ሌሎች ሁለት ቤቶችም አሏት፤ እነሱ ምንም አይገፉም። ብርሃን መኖሩን ለምትዋኝበት ጅራቷ ይነግራሉ። ጥሩ ብርሃን ካለ ወደዚያ ትዋኛለች፤ ጎጂው የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲበረታ ትሸሻለች። ዓይን የላትም ብያችሁ ነበር። ላሻሽለው፤ ዓይን መሰል ነገር አላት።

ሁሉም ረቂቅ ተሕዋስያን ሬቲናል ይጠቀማሉ ማለት ግን አይደለም። ከቫይታሚን ቢ2 የሚሠራ ቀለም የሚጠቀሙ አሉ፤ ሌሎችም አሉ። ዛሬ ሁሉንም ካነሳሁ ሻይ ሳትጠጡ ትሄዳላችሁ።

እስከ 2000 ድረስ ይሄ ሁሉ የጨው ኩሬ ወግ ይመስል ነበር። ጉድ ነው፣ ግን የዳር አገር ጉድ። በዚያ ዓመት ኦዴድ ቤጃ፣ ኤድዋርድ ዲሎንግና ባልደረቦቻቸው ከካሊፎርኒያው የሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ የተወሰደ የባሕር ባክቴሪያ ዲኤንኤ ሲያነብቡ የሐምራዊዋን ፕሮቲን ዘመድ አገኙ። ፕሮቲዮሮዶፕሲን አሉት። ያው ሬቲናል፣ ያው ሰባት ምሰሶ፣ ያው የፕሮቶን ፓምፕ። አሁን በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ባለ ብርሃን ውሃ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። የዳር አገር ጉድ የተባለው የመሐል አገር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ግኝት የምወደው አንድ ዝርዝር አለ። ላይኛው የባሕር ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ብዙ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ የሚደርሰው ሰማያዊው ብቻ ነው። የላይኞቹ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን 525 ናኖሜትር አካባቢ፣ የታችኞቹ 490 አካባቢ ይውጣል። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው 105ኛው አሚኖ አሲድ ነው። ሉሲን ከሆነ አረንጓዴ፣ ግሉታሚን ከሆነ ሰማያዊ። ከ200 በላይ ጡብ ባለው ቤት አንድ ጡብ ቀየሩ፤ በቃ ለጥልቁ የሚሆን ቤት ወጣ።

ቀጥሎ ኩሬ ውስጥ ወደሚኖር አልጌ እንሂድ። ክላሚዶሞናስ ይባላል። አንዲት አረንጓዴ ሕዋስ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ። ብርሃን ስታይ ወደ እሱ ትቀዝፋለች። ጀርመናዊው ፔተር ሄገማን ይህን ነገር ለዓመታት አጠና። ምላሹ በጣም ፈጣን ነው። እና ብርሃን ተቀባዩና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቀዳዳ ያው አንድ ፕሮቲን መሆን አለባቸው ብሎ አሰበ። በ2002 እና በ2003 ከጌኦርግ ናጌልና ከኤርንስት ባምበርግ ጋር ሆኖ አረጋገጠው። ፕሮቲኑን እንቁራሪት እንቁላል ላይ አሠርተው ብርሃን ሲያበሩ ኤሌክትሪክ ፈሰሰ። ቻናልሮዶፕሲን አሉት። እዚህ ቤት ውስጥ ሬቲናሉ ሲታጠፍ ፓምፕ አይሠራም፤ በር ወለል አድርጎ ይከፍታል።

በ2005 ካርል ዳይሰሮት፣ ኤድ ቦይደንና ባልደረቦቻቸው ይህን የአልጌ በር የአይጥ የአንጎል ሕዋስ ላይ አስገቡት። ሰማያዊ ብርሃን ሲያበሩ ሕዋሱ መልእክት ላከ። ሲያጠፉ ተወ። ዛሬ የአንጎል ተመራማሪዎች የትኛው ሕዋስ ምን እንደሚሠራ የሚለዩበት ዋና መሣሪያ ሆኗል። ኦስተርሄልት፣ ሄገማንና ዳይሰሮት በ2021 የላስከርን የሕክምና ምርምር ሽልማት ተካፈሉ። ኦስተርሄልት በቀጣዩ ዓመት አረፈ።

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረባችሁ። የአልጌውን ፕሮቲን ጂን አስገቡ፤ እሺ። ሬቲናሉን ከየት አመጡት? ጂኑ ቤቱን ይሠራል እንጂ ቀለሙን አይሠራም። መልሱ ቀላል ነው። አላመጡትም። አይጡ ከምግቡ ያገኘው ቫይታሚን ኤ አካሉ ውስጥ ነበረ፤ ያው በቃ። ለጥናት የምትውለው ትንሿ ትል፣ ሲ ኤለጋንስ፣ በቂ ስለሌላት ተመራማሪዎች ሬቲናል ምግቧ ላይ ይጨምሩላታል። ለሷም "ጉበት አብሏት" እንደማለት ነው።

ሌላም ዕድል ገጥሟቸዋል። በኛ ዓይን ውስጥ ሬቲናል ብርሃን ካገኘ በኋላ ከቤቱ ይወጣል። ወደ ጎረቤት ሕዋስ ሄዶ እንደገና ታጥፎ መመለስ አለበት። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ክፍል ስትገቡ ለደቂቃዎች የምትደናበሩት በዚህም ምክንያት ነው። የረቂቅ ተሕዋስያኑ ግን ከቤቱ አይወጣም። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ እዚያው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ አንጎል ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ መብራት ማብራት ዋጋ አይኖረውም ነበር።

በ2021 የታተመውን ልንገራችሁና ላብቃ። የዓይን ብርሃኑን በዘር በሚመጣ በሽታ ያጣ የ58 ዓመት ሰው ነበር። ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳቱ ሞተዋል። ከጀርባቸው ያሉትና ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሱት ግን በሕይወት አሉ። ሐኪሞቹ አንድ ዓይኑ ውስጥ ለነዚህ ሕዋሳት የአልጌ ቻናልሮዶፕሲን ዘመድ ጂን ሰጡ። ከዚያ የውጭውን ትዕይንት ወደ ብርቱካናማ ብርሃን ለውጦ ዓይን ላይ የሚጥል ልዩ መነጽር አደረገ። ከወራት ልምምድ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብተር አገኘ፤ ብርጭቆ ቆጠረ። ከቤት ውጭ ደግሞ የእግረኛ ማቋረጫ ነጫጭ መስመሮችን አየ። ሙሉ እይታ አይደለም። ያለ መነጽሩ አይሠራም፤ ፊትም አይለይበትም። ግን ምንም ያልነበረበት ቦታ ነው።

በዳፍንት የተያዘው የሰፈራችን ልጅ ቤቱ ነበረው፤ ቀለሙ ነው የጎደለው። እሱን ጉበት ያድነዋል። ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም ለዚሁ ነው። እኚህ ሰው ግን የፈረሰባቸው ቤቱ ራሱ ነው። ጉበት ቢበሉ አይጠቅማቸውም። ቤት ከአልጌ ተዋሱ፤ ቀለሙን ከራሳቸው ደም አገኙ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ብዙ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አንዱን ብቻ ላስፍር። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው የጠየቁት፦ "ልጄ፣ እንግዲህ እኛ ጨው ስንበላ እነዚህን ፍጥረታት እየበላናቸው ነው ማለት ነው?")

እማማ፣ ሊሆን ይችላል። የጨው ክሪስታል ውስጥ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ይቀራሉ፤ እነዚህ ፍጥረታት እዚያ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላሉ። ከገበያ ከተገዛ የምግብ ጨውም ሕያው ሆነው ተገኝተው ያውቃሉ። ግን አይስጉ፤ በሽታ አያመጡም። ደግሞም ከ20 በመቶ በላይ ጨው የለመደች ፍጥረት ወጥዎ ውስጥ ስትገባ ምን የምትሆን ይመስልዎታል? ወጡ ለሷ ጨው የለውም። ልክ ሽቶኬኒየስ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዳደረጋት ትፈርሳለች።

("ታዲያ ወጡ ለምን ሐምራዊ አይሆንም?" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም በርበሬው ይሸፍነዋል ብዬ አመለጥኩ።)